የሌለው ጀሪካን

አባቴ አርባ ዓመት ተሳቢ ሲነዳ የነዳጅ መብራት አንድም ቀን በርቶበት አያውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የሚለው፣ ያውም ሳይጠየቅ። «ግማሽ ታንክ ማለት ባዶ ታንክ ማለት ነው» የሚል ሕግ አለው። በአፋር በረሃ ነዳጅ አልቆባቸው የቆሙ ሰዎች አይቷል። ያየውን ግን አይነግረንም፤ ሕጉን ብቻ ነው የሚነግረን።

እኔ ሌላ ሰው ነኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና መብራቱ ሲበራ አልደነግጥም። ከበራ በኋላ ትንሿ ነጭ መኪናዬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ አስልቻለሁ፣ ፈትኜዋለሁም። ደሴ ውስጥ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቴ ሳምንቱን ሙሉ በቢጫ መብራት የተመላለስሁበት ጊዜ አለ። ሰው ለነዳጅ ግማሽ ቀን በሚሰለፍበት ዘመን ቀድሞ የሚደነግጥ ቀድሞ ይሰለፋል እንጂ ሌላ የሚያተርፈው ነገር የለም።

የአባቴ ዓይኖች ደክመው ሐኪም መንዳት ከከለከለው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ስንወጣም ከጎኔ ይቀመጣል። መሪው የእኔ ነው፣ ጭንቀቱ የእሱ። ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል፤ ከእሱ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከእኔው ይልቅ ሳስቷል። መብራቱ የበራ ቀን ደግሞ አንገቱን ወደ እኔ አዘንብሎ «በርቷል» ይለኛል። ከፊቱ የቆመውን ሰው በድምፁ የሚለይ ሰውዬ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል መብራት አይስታትም። «አይቻለሁ» እለዋለሁ። «አይተሽ ነው እንግዲህ» ይልና እስክንደርስ ድረስ ይኮሳተራል።

አምና የሐጅ ተራው ደረሰው። አዲስ አበባ ከሌሎቹ ተጓዦች ጋር የሚያገናኘው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ይነሳል፤ እስከዚያ አራት ቀን ነበረን። እኔ አራቱ ቀን ለሻንጣና ለመድኃኒት መስሎኝ ነበር። ለካ ለሰው ነው።

ለማያውቅ ልንገረው። ለሐጅ የሚነሳ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም። የበደለውን፣ ያስቀየመውን፣ ክፉ ቃል የተናገረውን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል። ይቅር በሉኝ ማለት ነው። «አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረ አይገባበትም» ይላል አባቴ። ከሕጎቹ ሁሉ በጣም የሚፈራው ይህንን ነው።

«ጻፊ» አለኝ። ከተማሪ ደብተር ቅጠል ገንጥዬ ጻፍሁ። አርባ ዓመት የነዳ ሰው የሚጣላው አያጣምና ስሙ ሠላሳ አንድ ደረሰ። ፍሬኑን ሳታጠብቅ ሰጠኸኝ ብሎ በጥፊ የመታው መካኒክ አለ። የሠርግ ድንኳን አደርሳለሁ ብሎ ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ያደረሰላቸው የቦሩ ሜዳ ቤተሰብ አሉ። ኩታበር መውጫ ላይ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ ጭቃ የረጨባቸው ሸህ አሉ። የሁሉንም ከነሰፈራቸው ያስታውሳል። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ትዝታው እየበረታ ነው የሄደው።

ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን አገላበጥሁት። የእናቴ ስም የለም።

«ሠላሳ ሁለተኛዋስ?» አልሁት።

ማን ናት አላለኝም። «ከእሷ ጋር በሸሪዓ ተለያይተናል። ያለቀ ጉዳይ ነው» አለና ተነሥቶ ከሶላት በፊት ለሚታጠበው ዉዱእ ውሃ ፈለገ። ገና ሶላቱ አልደረሰም ነበር።

ጉዳዩ ይሄ ነው። አባቴ በሥራው መንገድ ላይ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር። እናቴ ይህንን ከእሱ አልሰማችም። የሰማችው ወፍጮ ቤት ነው። ተሰልፋ ሳለ አንዲት ሴት የምታውቅ መስሏት፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «አዲሲቱስ ተላመደችሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ በዚያው ሳምንት ፍቺ ጠየቀች። ከደሴ ወርዳ ኮምቦልቻ፣ አባቷ የተዉላት ቤት ገባች። ያኛውም ትዳር ሁለት ዓመት አልዘለቀም፤ እናቴ ግን አልተመለሰችም። አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው፣ ቃል ሳይለዋወጡ። አባቴ ስሟን እንኳ አይጠራም። «እናታችሁ ደህና ናት?» ይላል፣ ስለ ሩቅ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም «ደህና ናት» እላለሁ። በሁለቱ መካከል የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ እየወረድሁ አረጀሁ።

ስለዚህ ያ ወረቀት አናደደኝ። የጭቃው ሸህ ተጽፈው እናቴ ያልተጻፈችበትን ወረቀት ይዤ መንዳቴ አናደደኝ። ሆኖም ነዳሁ። ቦሩ ሜዳ ሄድን። ሠርጉን ያበላሸባት ሙሽራ ራሷ ልጅ ድራለች፤ ሳቀችና አውፍ አለችው። ከዚያ ስንመለስ ንዴቴን ዋጥሁና በቀስታ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ለምንድነው የምትፈራት?»

ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የመለሰልኝ። «አውፍ አልልህም ብትለኝስ? ሌላው ቢለኝ ደጁን እጠናለሁ። እሷ ካለችኝ ግን እውነቷን ነው። በምን እግሬ ነው ካዕባ ፊት የምቆመው?»

«ሳትጠይቃትስ በምን እግርህ ትቆማለህ?»

ቀኝ እግሩ ባዶውን ምንጣፍ ረገጠ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላወራንም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የቀሩን ኩታበር ያሉት ሸህ ብቻ ነበሩ። የመጨረሻው ስም። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጆሮአቸው ከብዷል። አባቴ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ሸህዬ፣ አውፍ ይበሉኝ። በድዬዎት ነበር።»

«ምን በደልኸኝ?»

«ረስተውት ይሆናል። በቃ አውፍ ይበሉኝ።»

«የማላውቀውን እንዴት አውፍ ልበልህ?» አሉ ሸሁ። «በደሉን ሳትነግረኝ? ባዶ ስልቻ እንደ መሸከም ነው። ንገረኝ።»

አባቴ ነገራቸው። ክረምት እንደነበር፣ ጁምዓ እንደነበር፣ ሰዓት ረፍዶበት እንደነበር፣ ጭቃውን አይቶ እንዳልቀነሰ፣ በመስታወት ወደ ኋላ ሲያያቸው ልብሳቸውን እያዩ ቆመው እንደነበር። ሸሁ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ሰሙት። ሲጨርስ «ድገመው» አሉት። ደገመው። «እንዳየኸኝ አልቆምህም?» «አልቆምሁም።» «አየህ፣ ጭቃው አይደለም በደሉ። አለመቆምህ ነው» አሉ። ከዚያ አውፍ አሉት፣ ዱዓም አደረጉለት፣ እኔንም መረቁኝ። ስንወጣ የአባቴ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ነፋስ ነው አለ።

መብራቱ የበራው ከኩታበር ስንመለስ፣ ደሴ ልንገባ ስንል ነው።

«በርቷል» አለ አባቴ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን መላ አላጣም ነበር። መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጡ አሉ። እሱ ግን «በስውር የሚሸጥ ነዳጅ ቀድቼ ለሐጅ አልነሳም» ብሎ ገና በመጀመሪያው ቀን ዘግቶብኛል። ማደያ ጋ የማውቃት ልጅ ነበረች፤ ደውዬ ብነግራት በጓሮ በኩል ታስገባኛለች። ይህንንም ከለከለኝ። «ሌሊት የተሰለፈውን ሰው ተራ መቅደም ሐቁን መብላት ነው። ከዚያ ደግሞ ሰልፉን ሁሉ አውፍ በሉኝ እያልሁ ልዙር?» ማደያውን አልፈን ስንሄድ ሰልፉ ታጥፎ ከዓይን ይሰወራል፤ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ወርደው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ቆመን ተራ እንጠብቅ ብንል አውሮፕላኑ እኛን አይጠብቅም። ቤት ገብተን ሻንጣውን ጫንን፣ አዲሱን ነጭ ጀለቢያውን ለበሰ፣ ወጣን።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ነዳጁ ኤርፖርት ያደርሰናል። እሺ ካለም እናቴ ቤት ደርሰን ለመመለስ ይበቃናል። ግን ለጥቂት ነው።

የጦሳን ተራራ ከኋላችን ትተን ሐረጎን መውረድ ጀመርን። ያን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥምዝ በጥምዝ ነው፣ ከላይ ብርድ ልብስ ለብሰህ ጀምረህ ታች ሸሚዝህን ትፈታለህ። ነዳጅ እንዲቆጥብልኝ ማርሹን ነጻ ላደርገው፣ ሾፌሮች ፎሌ የሚሉት ላይ ላደርገው እጄን ሰደድሁ። የአባቴ እጅ ከላይ መጥቶ እጄን ያዘው።

«በማርሽ ውረጂ» አለ። «ሐረጎን በፎሌ የወረደ ፍሬኑን አምኖ ነው። ፍሬን ደግሞ አይታመንም።»

እጁን ግን አላነሳም። እስከ ታች ድረስ ማርሹን የቀየርነው ሁለታችን ነን። እጁ ሰፊና ሻካራ ነው፤ ልጅ ሆኜ ከመንገድ ሲመለስ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት እጅ ነበር። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ መንዳት አስተምረኝ ብዬው፣ «ሴት ልጅ ሐረጎን አትወርድም» ብሎ ወንድሜን ይዞ ሄደ። እኔ ሥራ ስይዝ ተምሬ መንጃ ፈቃዴን ይዤ መጣሁ። ይህንንም አላወራነውም። የእኛ ቤት ሰው የማያወራውን ነገር ቢጽፍ ደብተር አይበቃውም።

ጥምዙ ሲላላ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እናቴ ጋ ብቅ እንበል?»

«መብራቱ በርቶ?» አለ ፈጥኖ። መልሱን አዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። «ነዳጁ አይበቃም። ቀጥታ ኤርፖርት።»

አርባ ዓመት የጠላውን መብራት አሁን እንደ ጋሻ ይዞታል። የመጣብኝን ንዴት አልነግራችሁም። ደግሞ በጎን አየሁት፤ በነጭ ጀለቢያው ውስጥ ትንሽ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሰባ የሚጠጋ ሰውዬ ፈርቶ ቁጭ ብሏል። አሳዘነኝ። ከሐጅ ባይመለስስ? ወይ ሲመለስ እሷ ባትኖርስ? ያኔ ነው አፌ ከእኔ ቀድሞ የተናገረው።

«አባዬ፣ ለኤርፖርትም አይበቃንም» አልሁት። «ግን እናቴ ግቢ አንድ ጀሪካን ቤንዚን አለኝ። ባለፈው ወር ከማደያ ተሰልፌ የቀዳሁት። ሐላል ነው።»

ጀሪካን የለም። ኖሮም አያውቅም። ሐላል ነው ማለቴን ደግሞ እስከ አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩ የታየኝ። ኤርፖርቱ ከከተማው ወዲህ ነው። የእናቴ ቤት ከከተማው ወዲያ፣ በባቲ መንገድ በኩል ነው። ለቅርቡ አይበቃም ያልሁት ነዳጅ ለሩቁ በቃ። ይህንን የተናገርሁት የሒሳብ አስተማሪዋ ነኝ። አባቴ አሁን ይይዘኛል ብዬ መሪውን ጨበጥሁ።

የጀለቢያውን እጅጌ አስተካከለ። ከዚያ፣ «ሐላል ከሆነ እሺ» አለ።

የኤርፖርቱ መታጠፊያ ደረሰ። ፍጥነቴን አልቀነስሁም። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ የባጃጆቹን ሰልፍ፣ የሐብሐብ ነጋዴዎቹን ይመለከታል። እግሩ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል፤ ፍሬን አልረገጠም። ዓይኑ ደክሞ መታጠፊያውን አላየም ብዬ አልሐምዱሊላህ አልሁ። በአባቴ ዓይን መድከም ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ግቢዋ ውስጥ ፓፓያዋን በጎማ ውሃ እያጠጣች ነበር። መኪናዬን ስታይ ፈገግ አለች። ከዚያ ከሌላኛው በር የሚወርደውን ሰው አየች። ጎማውን መሬት ላይ ለቀቀችው፤ ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ አባቴ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግቡ» አለች እናቴ።

ማንም አልገባም። እኔ «ጀሪካኑን ላምጣ» ብዬ ወደ ጓሮ ሮጥሁ፤ ከሁሉ ነገር የፈለግሁት ከመካከላቸው መውጣት ነበር። ጓሮው ውስጥ ሦስት ዶሮ፣ የተሰነጠቀ ሳፋና አሮጌ ጎማ አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ባዶ እጄን ቆምሁ። ያልሰማሁት የለም።

«ሰው ሁሉ ጋ ስትዞር መሰንበትህን ሰምቻለሁ» አለች እናቴ። «ኩታበር ድረስ።»

«ዞርሁ።»

«ጭቃ ለረጨህባቸው።»

«አዎ።»

ውሃው ብቻ ተሰማ። 

«አውፍ በይኝ» አለ አባቴ።

«ስለ ምኑ?»

ያኔ ሸሁን አስታወስሁ። እሱም ሳያስታውሳቸው አልቀረም፤ በአንድ ቃል አላመለጣትምና።

«ወፍጮ ቤት መስማት አልነበረብሽም» አለ። «ከእኔ አፍ ነበር መስማት ያለብሽ። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ብዬ ከመንገድ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ራቴን በልቼ ተኛሁ። ፈርቼሽ ነው። ወላሂ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

እናቴ ስትመልስ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጣልሁ።

«ማግባትህን ሸሪዓው ይፈቅድልሃል፤ በዚያ አልተጣላሁህም። እኔን ያቃጠለኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምንም እንዳላወቀ ሰው መቆሜ ነው። እህሌን ሳላስፈጭ ተሸክሜ ተመለስሁ። አስራ አንድ ዓመት ይችን ቃል ጠበቅሁህ። ወፍጮ ቤት የምትለዋን።»

«አውፍ በይኝ።»

«ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ። እዚያ ስትደርስ በዱዓህ አስበኝ። የልጆቼ እናት እያልህ አይደለም። በስሜ ጥራኝ።»

አባቴ ስሟን ጠራ። ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበርበት የፈራ ይመስል።

«አቤት» አለች እናቴ።

ዶሮዎቹ መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። የምደብቀው ነገር የለኝም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት።

እናቴ ዞራ መጣችና አገኘችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጀሪካን እየፈለግሁ።»

«የምን ጀሪካን?»

በሹክሹክታ ነገርኋት። ቀና ብላ አየችኝ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ፊት ለፊት ተጣራች። «ጀሪካኑን ጎረቤት ተውሶታል። አብሽር፣ አትስጋ፣ መኪናዋ ታደርሳለች።» ገና አሁን መደበቅን አውፍ ያለችው እናቴ ራሷ ደበቀችልኝ።

ስንመለስ አባቴ የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ውሃው ደርሶ አዲሱን ጫማውን አርሶታል። አልተንቀሳቀሰም።

እናቴ ሳትጠየቅ ከኋላ ገባች። «ሸኝቼ ልመለስ» አለች። ከተማውን መልሰን አቋረጥን። እሷ ሻንጣው ውስጥ የቅዝቃዜ ልብስ እንዳለ ጠየቀች፤ እሱ አገሩ ሙቀት ነው አላት፤ እሷ አውሮፕላኑ ውስጥ ይበርዳል አለችው። የሰማይ ቤት ድምፅ ቢኖር ይህ ነው ብዬ አሰብሁ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ሹራብ ሲከራከሩ። መብራቱ እንደበራ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ አየው፤ ምንም አላለም።

ኤርፖርቱ በር ላይ ሻንጣውን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።

«አንቺንም አልጻፍሁሽም ነበር» አለኝ።

«እኔን ደግሞ ለምኑ?»

«ሴት ልጅ ሐረጎን አትወርድም ብዬሽ ነበር። ወንድምሽን አስተምሬ አንቺን ተውሁሽ። አውፍ በይኝ። ዛሬ ደህና አድርገሽ ነው የወረድሽው።»

«አውፍ ብያለሁ» አልሁት፣ በችኮላ፣ ድምፄ ሳይከዳኝ። የራሴን አውፍ በለኝ ልል አፌን ከፈትሁ። የጀሪካኑን ውሸት ግን መናገር አቃተኝ። አቅፎኝ፣ ለእናቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አድርጎላት ገባ። የአባቱን አውፍ ሳይጠይቅ የሸኘ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መኪናዋ የቆመችው ከዚያ በኋላ ነው፣ እናቴን ልመልሳት ከተማው መሐል ስንደርስ። አንድ ሁለቴ አንቀጠቀጣትና ጸጥ አለች። ሁለታችን ወርደን ገፍተን ዳር አስያዝናት፤ እናቴ እየገፋች ትስቅ ነበር። በማግስቱ ጎረቤቷ ከራሱ መኪና በጎማ ስቦ ቤንዚን ሰጠን፣ በጀሪካን። ያ ጀሪካን ግቢዋ ውስጥ ተቀምጦ ሳየው አንድ ቀን ዘግይቶ የመጣ እውነት ነው አልሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ አባቴ ከመካ ደወለ። እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ነበርሁ። ከጀርባው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁ ደክሟል፣ ደስ ብሎታል።

«ስሟን ጠራሁ ብለሽ ንገሪያት» አለኝ። «ጠዋፍ ሳደርግ፣ ካዕባን ስዞር፣ ሰባቱንም ዙር። በየዙሩ።»

«እነግራታለሁ።»

ከዚያ፣ «ያ ጀሪካን ተገኘ?» አለ።

«የቱ?»

«ሐላሉ።»

 የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረግሁ።

«ልጄ፣ ኤርፖርት የማያደርስ ነዳጅ ኤርፖርቱን አልፎ እናትሽ ቤት አያደርስም። ይህ ሒሳብ ሾፌር አይጠፋውም።»

«መታጠፊያውን ያላየኸው መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ያንን መታጠፊያ በዓይኔ ነው እንዴ የማውቀው?» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«መሪው በእጄ ሳለ እስከ እናትሽ ደጅ ድረስ ስንት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ መሰለሽ። የሚነዳኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።»

አውፍ በለኝ ልለው ነበር። እንባዬ ቀደመኝ። እሱም አልጠበቀኝም።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ወደ ድሮው መለሰው። «መብራቱ በርቷል?»

ዳሽቦርዱን አየሁ። በርቷል።

«አልበራም» አልሁት።